ስምሽ ማን ነበር?

ፀሎት ጁባ የገባችው በጥቅምት መጨረሻ ነው። ባሏ ምንያህል ከእሷ ስምንት ወር ቀድሞ መጥቶ በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ውስጥ መሐንዲስ ሆኖ ተቀጥሮ ነበር። እሷ አዲስ አበባ ዘጠኝ ዓመት በባንክ ሠርታለች። ተለያይቶ መኖሩ ለሁለቱም ሲከብዳቸው መልቀቂያዋን አስገባች። አለቃዋ ደብዳቤውን ተቀብሎ፣ «እንግዲህ ባልና ባንክ ተወዳድረው ባል አሸነፈ» ብሎ ቀለደባት፤ እሷም ስቃ ወጣች።

ቤቱ ጁባ ና ባሪ የሚባል ሰፈር ነው። ሁለት መኝታ ክፍል፣ ጠበብ ያለ ወጥ ቤት፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢና መሀሉ ላይ አንድ የኒም ዛፍ አለው። የቤቱ ባለቤት ካምፓላ ስለሚኖሩ ያከራየው ደላላ ነው፤ ከነዕቃው። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ ሰሃኑ ሳይቀር ቀድሞ እዚያ ነበር።

ምንያህል ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት የድርጅቱ ፒካፕ ይወስደዋል፤ የሚመለሰው ሲመሻሽ ነው። ፀሎት ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። ዐረብኛ አታውቅም። ጎረቤት አታውቅም። ገበያ ስትወጣ «ሐበሺያ» ይሏታል፤ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂዎች «ሲስተር» ይሏታል። ምንያህል ራሱ «ስሚ» ወይም «አንቺዬ» ነው የሚላት፤ በስሟ የሚጠራት ሰው ፊት ሲሆኑ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሃምሳ ጊዜ፣ በመስኮት በኩል ስሟ ሲጠራ የኖረች ሴት ናት። አንድ ቀን ልብስ እያሰጣች ስታሰላው፣ ስሟን ከሰው አፍ ከሰማች አሥራ ስድስት ቀን ሆኗታል።

ኅዳር ሳይጋመስ በረሮ አስቸገራትና የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ዕቃ ሁሉ አወጣች። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ፣ በነጭ ሻሽ ተጠቅልሎ የተቋጠረ ከባድ ነገር አገኘች። ስትፈታው የዳቦ ማሽን ነው፤ ክዳኑ ላይ ትንሽ መስታወት ያለው፣ ውስጡ ባልዲ መሳይ መጥበሻና ሊጥ የሚያቦካ አንዲት ብረት ያለው። ሌላው ዕቃ ሁሉ አቧራ ለብሶ ሳለ ማሽኑ ንጹሕ ነበር። ብረቷን በጣቷ ብታሽከረክራት ዘይት እንደጠጣች ሁሉ ያለ ድምፅ ዞረች።

ፀሎት ጋግራ አታውቅም። አዲስ አበባ ሳለች ዳቦ ሲያምራት ከሥራ ስትወጣ ገዝታ ትገባ ነበር። ግን ጊዜ ሞልቷታል፤ ስልኳ ላይ አንዲት ሴት የቀረፋ ጥቅል ዳቦ በማሽን ስታቦካ የሚያሳይ ቪዲዮ አገኘችና ሦስት ጊዜ አየችው። በማግስቱ ሃይ ማላካል የሚባለው ሰፈር ሄዳ፣ የአገር ቤት ዕቃ ከሚሸጠው ከጋሽ በድሉ ሱቅ ቀረፋና ደረቅ እርሾ ገዛች።

ቅዳሜ ዕለት ከምሳ በኋላ ምንያህል ጋደም ብሎ ሳለ ጀመረች። ለብ ያለ ወተት፣ እንቁላል፣ የቀለጠ ቅቤ፣ ስኳር፣ ጨው፤ ከዚያ ዱቄቱን አለበሰችውና አናቱ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ሠርታ እርሾውን ጨመረች። ማሽኑን ከፍታ ሊጥ የሚለውን ቁልፍ ተጫነች። ብረቷ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ቶሎ ቶሎ እየዞረች ሊጡን ከግድግዳው ጋር ታላትመው ጀመር። ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ፀሎት ወንበር ስባ በመስታወቱ እያየች ተቀመጠች። ለአንድ ሰዓት ተኩል ከዚያ አልተነሳችም።

ሊጡ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ሊነካ ሲደርስ አወጣችው። ጠረጴዛው ላይ ዳምጣ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ቀረፋና ቡናማ ስኳር ነስንሳ እንደ ሰሌን ጠቀለለችው። ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት በቢላ ነበር የቆረጠችው። ፀሎት ግን ከመኝታ ቤት የመስፊያ ክር ይዛ ስትመለስ ራሷን አገኘችው። ክሩን ከጥቅሉ ሥር አሳልፋ፣ ሁለቱን ጫፍ ከላይ አቆላልፋ ሳበችው። ቆረጠው፤ ቅርጹ ሳይጨፈለቅ፣ ክብ እንደሆነ። አሥራ ሁለቱንም እንዲሁ ቆረጠቻቸው። ትሪው ምድጃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው ቆም ብላ «ይኼን ደግሞ ከየት አመጣሁት?» ያለችው።

ሽታው ቤቱን ሞላው። ሙቀቱን ለማስወጣት የወጥ ቤቱን በር ወደ ግቢው ከፈተችና ባለችበት ቀረች።

የግቢው በር ቆርቆሮ መሬት አይደርስም፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍት ነው። በዚያ ክፍተት እግሮች ይታያሉ። ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ ባዶ የሆኑ፣ ያረጀ ቆዳ ጫማ ያጠለቁ እግሮች፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ዞረው ቀጥ ብለው ቆመዋል። የሚያወራ የለም። የሚያንኳኳም የለም።

ምንያህልን ልትቀሰቅስ አሰበችና አፈረች። ሄዳ ከፈተች።

ሰባት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው ሌላ ሰሃን የተደፋበት ሰሃን ይዘዋል። ከፊት የቆሙት ጠይም፣ ቀጭን አሮጊት ፊቷን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩና፣ «ኢታ ረጃ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ተመለስሽ ነው የምትልሽ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ በአማርኛ።

ፀሎት ደነገጠች። የተናገሩት ቆዳ ጫማ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ኡስታዝ ላዶ እንደሚባሉ፣ ጡረታ የወጡ መምህር እንደሆኑ፣ በወጣትነታቸው ጋምቤላ በስደት ኖረው አማርኛውን እዚያ እንደተማሩ ኋላ አወቀች። አሮጊቷ ማማ ኪደን ናቸው፤ የአጥር ጎረቤት።

«ኧረ እኔ አዲስ ነኝ» አለች እየሳቀች። «ወር እንኳ በቅጡ አልሞላኝም። ፀሎት እባላለሁ።»

«እሺ፣ እሺ» አሉ ኡስታዝ ላዶ፤ ልጅ ሲያወራ እንደሚያዳምጥ ሰው። «ስኳሩን ዛሬም አላበዛሽውም አይደል፣ የምስራች? ጥርሴን ታውቂዋለሽ።»

ሰዎቹ እስኪበስል ቆመው ጠበቁ። ግቡ ብትላቸውም አልገቡም። ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰጠቻቸው። አመሰግናለሁ ያለ የለም፤ ግን ሁሉም ሲቀበሉ «የምስራች» እያሉ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉላት። ማማ ኪደን ጉንጯን በመዳፋቸው ነክተው ሄዱ።

ምንያህል ሲነሳ አምስት ጥቅል ቀርቶለት አገኘ። «ያንቺ እጅ ነው ይኼ?» ብሎ ሁለቱን አከታትሎ በላ። ለጎረቤት እንደሰጠች ነገረችው። የምስራች እያሉ መጥራታቸውን ግን አልነገረችውም። የሚነገር ነገር አልመሰላትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጡ። በሦስተኛውም። ፀሎት በየጊዜው ታርማቸዋለች። «ፀሎት» ትላለች ደረቷን እየነካች፤ ማማ ኪደን ፈገግ ብለው ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ «የምስራች» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም። በሳምንቱ መሀል በሩ ላይ ነገር ታገኛለች፦ በጨርቅ የታሰረ ኦቾሎኒ፣ ሦስት እንቁላል፣ የደረቀ ዓሣ፣ ማንጎ። ገበያ ስትወጣ ከየአጥሩ «የምስራች! የምስራች!» እያሉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። አንዲት ሴት ዝናብ ሲመጣ እየሮጠች መጥታ የተሰጣውን ልብስ አንስታላታለች።

የነቢያት ጾም ሲገባ ቅቤውን፣ ወተቱንና እንቁላሉን በዘይትና በውኃ ቀየረችው። ኡስታዝ ላዶ አንድ ጊዜ ገምጠው፣ «ጾም ገባ ማለት ነው» አሉ። «በጾም ጊዜ ሁልጊዜ እንዲህ ይደርቅብሻል። ግድ የለም።»

በጥር ማረሙን ተወች። መተዋን ለራሷም አልነገረችም። ሰዎቹ ሲጠሯት ደስ ይላታል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ድምፅዋን የሚሰማ ሰው የለም፣ ቅዳሜ ሰባት ሰው በናፍቆት ይጠራታል። የማን ስም እንደሆነ ምን አገባት? ለምንያህል ግን አሁን ሆን ብላ ደበቀችው። የኔ ነው፣ ለብቻዬ ይሁን የሚል ስሜት ነበራት።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ የውኃ መግፊያው ሞተር ተበላሸና ምንያህል ሸሚዙን አውልቆ ግቢ ውስጥ ሊሠራው ተቀመጠ። ፀሎት ወጥ ቤት ናት። ማሽኑ ዱብ ዱብ እያለ ያቦካል። እሷ ቀረፋና ስኳር ታደባልቃለች።

«የምስራች!» አለ ምንያህል ከውጭ። «ፒንሳውን አቀብይኝ እስቲ።»

ፀሎት እጇን በመሐረብ ጠርጋ፣ ፒንሳውን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ወጥታ አቀበለችው። ተመልሳ ቀረፋው ላይ ማንኪያውን አነሳች። ሁለት ጊዜ አማሰለች። በሦስተኛው እጇ ቆመ።

ወጣች። «ምኔ፣ ቅድም ምን ብለህ ጠራኸኝ?»

«መቼ?»

«ፒንሳ ስትለኝ።»

ምንያህል ቀና ብሎ አያት። «በስምሽ ነዋ። ምን ብዬ እጠራሻለሁ?»

«ስሜን በለው።»

«ምን ሆነሻል? ፀሎት።»

ሲላት ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑን ታውቃለች። ግን ስሙ ሲጠራ ውስጧ ያለው ነገር አልተነቃነቀም፤ የሌላ ሰው ስም የሰማች ያህል ነበር። ይልቅ ያስፈራት ያ ነው። ምንያህል ከተሳሳተው ይልቅ፣ እሷ ሳትደናገጥ ወጥታ ፒንሳውን ማቀበሏ።

ሰኞ ጠዋት ቦዳ ቦዳ ይዛ ሃይ ማላካል ወረደች። ጋሽ በድሉ ጁባ አሥራ አራት ዓመት የኖረ፣ ወሬ የሚወድ ወፍራም ሰው ነው። ጁባ ና ባሪ፣ ኒም ዛፍ ካለበት ግቢ፣ የምስራች የምትባል ሴት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው።

«የምስራች ተክለማርያም!» አለ ወዲያው። «እንዴታ! ትኬት ቢሮ የምትሠራዋ። እርሾ ከኔ ነበር የምትገዛው። ውጊያው በተነሳበት ሐምሌ ነው የሄደችው፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ሀዋሳ ናት፣ እህቷ ጋ። እህቷ ሒሩት አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች።»

«ደህና ናት?»

ጋሽ በድሉ የሱቁን ጠረጴዛ በመዳፉ ጠረገ። «አለች» አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ጻፈላት።

ፀሎት ከሱቁ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጣ ደወለች። ያነሳችው ሒሩት ናት። ማን እንደሆነችና የት ቤት እንደምትኖር ነገረቻት። ሒሩት ስልኩን ሳታርቅ ተጣራች።

«የምስራች! የምስራች! … የምስራች!»

መልስ የለም።

«ቆይ፣ ሄጄ ልንካት» አለች ሒሩት። «ስሟ ሲጠራ አትሰማም። ጆሮዋን ሦስት ሐኪም አይቶታል፣ ምንም የለበትም። ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ናት።»

የእግር ኮቴ ተሰማ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ዝግ ያለ፣ መጣ።

«እዚያ ቤት ነሽ?» አለች የምስራች። ሰላምታ አላስቀደመችም።

«አዎ።»

«ማሽኑ አለ?»

«አለ።»

«በክር ነው የምትቆርጪው?»

ፀሎት ሻይዋን አስቀመጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። እኔንም ያስተማረኝ የለም። ዳቦ ጋግሬ አላውቅም ነበር። ማሽኑን ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘሁት፣ በሻሽ ታስሮ። ጋገርኩ፣ መጡ። ምን እያሉ ይጠሩሻል?»

«የምስራች።»

ስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«እኔን ረድኤት ነበር የሚሉኝ» አለች የምስራች። «ረድኤት ማን እንደሆነች እስከዛሬ አላወቅኩም። ከኔ በፊት የነበረች ሴት ናት፣ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም። መጀመሪያ አርማቸው ነበር። ኋላ ተውኩት። ብቻዬን ነበርኩ፣ ታውቂያለሽ፣ ሲጠሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ፀሎት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ተኩሱ ሲነሳ አምስት ቀን ከቤት አልወጣንም። አብረውኝ ተሸሸጉ፣ ማሽኑን በጄኔሬተር እያስነሳን ያለውን ዱቄት ጋግረን በላን። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ክፉ እንዳይመስሉሽ። አገር ቤት የሚመልሰን አውሮፕላን መጣ ሲባል ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ኡስታዙ በሩ ላይ ቆመው፣ 'ስምሽ ማን ነበር?' አሉኝ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስኖር አልሰማ ያሉኝን፣ ያን ቀን ራሳቸው ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። ነገርኳቸው። ሁሉም እየተቀባበሉ አሉት።»

«ከዚያስ?»

«አየር ማረፊያ ተቀምጠን ስም ዝርዝር ይነበባል። 'የምስራች ተክለማርያም' አለ ሰውዬው። ዝም አልኩ። ደገመ። እንዲያውም ይቺ ሴት የት ሄዳ ነው ብዬ ዞር ዞር እያልኩ ፈለግኳት። ሦስተኛው ላይ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ክንዴን ይዛ፣ 'አንቺን እኮ ነው' አለችኝ።» አለች የምስራች። «እስካሁን እንደዚያው ነኝ። የሰው ስም ይመስለኛል። ሲጽፉት አነበዋለሁ፣ ሲጠሩት አይመጣልኝም። እዚያ ነው የቀረው።»

ፀሎት የቀዘቀዘውን ሻይ ገፋ አደረገችው።

«ስሚኝ እህቴ» አለች የምስራች። «ከዚያ ቤት ውጪ። ስትወጪ ይጠይቁሻል። ብትሞቺ እንዳትነግሪያቸው።»

የዚያን ዕለት ምንያህል ሲገባ ፀሎት ሁሉንም ነገረችው፤ እግሮቹን፣ ክሩን፣ ፒንሳውን፣ የስልኩን ነገር። እያለቀሰች ስለነበር አላቋረጣትም። አላመናትም። «ብቸኝነት ነው ይኼ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አምጥቼ ቆልፌብሽ ነው የሄድኩት።» ግን እሷ አንድ ነገር ጠየቀችው። «ከመጣሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ በስሜ ጠርተኸኛል?» አሰበ። በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ሁለተኛው ላይ ቆመ። በማግስቱ ቤት መፈለግ ጀመረ።

ካቶር በሚባል ሌላ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ሁለት ክፍል ተገኘ። ፀሎትም አንድ ባንክ ውስጥ ለማመልከት ወረቀቶቿን አዘጋጀች። ለሦስት ሳምንት አልጋገረችም። ማሽኑን በሻሹ ጠቅልላ ወደነበረበት መለሰችው። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ ምንም ሽታ ሳይኖር፣ በዘጠኝ ሰዓት እግሮቹ ከበሩ ሥር ይቆማሉ። ትንሽ ይቆዩና ይሄዳሉ። እሷ ወጥ ቤት ሆና ታያቸዋለች። አንድ ጊዜ ማማ ኪደን በክፍተቱ በኩል እንቁላል አሾልከው ትተውላት ሄዱ፤ እሱን ስታነሳ አለቀሰች።

የድርጅቱ ፒካፕ ነጻ የሚሆነው ቅዳሜ ብቻ ስለነበር የሚወጡት ቅዳሜ ሆነ። ዕቃቸው ብዙ አይደለም፤ ሁለት ሻንጣ፣ ጥቂት የወጥ ቤት ዕቃና መጽሐፍ፣ የምንያህል የመሣሪያ ሳጥን። ምንያህል እየጫነ ሳለ ፀሎት የመጨረሻውን ፌስታል ይዛ ወጣች። ሰዎቹ በሩ ላይ ነበሩ። በዚያን ቀን ሰሃን የያዘ የለም።

«ልትሄጂ ነው» አሉ ኡስታዝ ላዶ።

«አዎ፣ ኡስታዝ። ካቶር ነው፣ ሩቅ አይደለም።»

«ይሻላል። ብቻሽን አትሆኚም።» ሽማግሌው ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ፊታቸው ላይ ደግነት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። «እስቲ ንገሪኝ። ስምሽ ማን ነበር?»

ማማ ኪደን ቀረብ አሉ። ሌሎቹም።

ፀሎት ፌስታሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ስሟ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ሲገፋት ተሰማት፤ ለመናገር እንደዚያን ቀን ፈልጋ አታውቅም። ስንት ጊዜ ደረቷን እየነካች ስትነግራቸው ከርማ፣ ይኸው በመጨረሻ ሊሰሟት ተዘጋጁ።

«የምስራች» አለች። «የምስራች ነኝ።»

ኡስታዝ ላዶ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷማ ሄዳለች» አሉ በቀስታ። «እሷ ጥሩ ልጅ ነበረች። ያንቺን ነው የጠየቅኩሽ።»

ፀሎት ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። እንባዋ መጣ፤ አልተናገረችም። ጎንበስ ብላ የማማ ኪደንን እጅ ሳመችና በመሀላቸው አልፋ መራመድ ጀመረች። አምስት እርምጃ ያህል ሄደች።

ምንያህል ከፒካፑ ጀርባ ገመዱን እያጠበቀ ነበር። ከዚያች ከጠየቀችው ቀን ጀምሮ ቃል ገብቶ፣ በሆነ ባልሆነው በስሟ ይጠራታል። የቆመበት ቦታ ሰዎቹ ምን እንዳሉ አይሰማም።

«ፀሎት!» ብሎ ጮኸ። «ፀሎት፣ ነይ እንጂ፣ ሹፌሩ ቸኩሏል!»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ድምፁ ዞሩ።

«ሰሎት» አሉ ማማ ኪደን። አፋቸው ውስጥ አገላበጡት። «ሰሎት።»

«ሰሎት» አለች ከኋላ ያለችው ሴት። ከአንዱ ወደ ሌላው አለፈ፤ አዲስ ልጅ ታቅፈው የሚቀባበሉ ይመስላሉ። ኡስታዝ ላዶ ብቻ ፊደሉን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው፣ «ፀሎት» አሉ። «ያማረ ስም ነው። አንረሳውም።»

ፀሎት እየሮጠች መኪናው ውስጥ ገባች። ምንያህል ምን ሆንሽ ሲላት፣ «ምንም፤ ሂድ በለው» አለችው። የጠራት በፍቅር ነው። እንዴት ትነግረዋለች?

ካቶር ተመቻቸው። በሚያዝያ ባንኩ ተቀበላት። አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ሀዋሳ ደወለች። ከቤቱ መውጣቷን ለየምስራች ልትነግራት ነበር። ሒሩት ስልኩን አንስታ ማን እንደሆነች ስታውቅ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ?» አለች። «እግዚአብሔር ይስጥሽ! እህቴ ድናልኛለች።»

«እንዴት?»

«አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ወር አልፎታል። ጓዳ ሆኜ ሳላስበው፣ እንዲያው በልማድ፣ 'የምስራች' ብዬ ተጣራሁ። 'አቤት!' አለችኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ እኮ! የያዝኩት ሰሃን ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ስትጠራ ትሰማለች። ቆይ፣ አሁን ልጥራልሽና ራስሽ ስሚ።»

ፀሎት ከሩቅ ሒሩት ስትጣራ ሰማች። አንዴ ብቻ ጠራች። ወዲያው «አቤት!» የሚል ደስ ያለው የሴት ድምፅ መለሰ።

«እንኳን ደስ አላችሁ» አለች ፀሎት፤ ከልቧ ነበር። ቅዳሜው የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ ለመጠየቅ አልፈለገችም። ሥራ አለብኝ ብላ ስልኩን ዘጋች።

ለምንያህል አሁንም አልነገረችውም። ባንኩ ውስጥ ሥራዋን አሳምራ ትሠራለች። ደንበኞቹ ይወዷታል፤ አለቃዋ ግን አንዳንድ ጊዜ መጥቶ ትከሻዋን መታ ማድረግን ለምዷል። እንደ ሠራተኛው ሁሉ ለእሷም ደረቷ ላይ የምትሰካው የስም ካርድ ሰጥተዋታል። ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት በር ላይ ቆማ ካርዱን በመዳፏ ትይዝና፣ ድምፅዋን አውጥታ አንዴ ታነበዋለች። ከዚያ ሰክታው ትሄዳለች።